ኬን ኡስተን፦ ካዚኖዎች በራቸውን የዘጉበት ካርታ ቆጣሪ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ወጣቱ የሚሰበሰብበት ቦታ ይታወቃል። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በሚታይበት ቤት ግማሹ ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተክሎ ይጮኻል፣ ግማሹ የቆረጠውን የውርርድ ቲኬት እያገላበጠ ያያል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ሰው ተጨምሯል፤ ጥግ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ በስልኩ ካርታ የሚጫወት። ጨዋታው ብላክጃክ፣ ማለትም ሃያ አንድ ነው። ያውም በአንድ እጅ ብቻ አይደለም። የኢንተርኔት ካዚኖዎች ተጫዋቹ በአንድ ዙር ሦስትም አምስትም እጅ ከፍቶ ከአንድ አዳይ ጋር እንዲፋለም ይፈቅዱለታል።

ለመሆኑ ካዚኖ ይሸነፋል እንዴ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን የሕይወት ታሪክ ቢፈለግ የአሜሪካዊው ኬን ኡስተን ነው። ሰውየው ካዚኖን በጠረጴዛም በፍርድ ቤትም አሸንፏል። ታሪኩ ግን ብዙዎች እንደሚጠብቁት አያልቅም።

ከአክሲዮን ገበያ ወደ ቁማር ጠረጴዛ

ኡስተን እ.ኤ.አ. ጥር 12 ቀን 1935 በኒውዮርክ ከተማ ተወለደ። አባቱ ከጃፓን፣ እናቱ ከኦስትሪያ የመጡ ሲሆን የልደት ስሙም ኬኔዝ ሴንዞ ኡሱኢ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ከቁጥር ጋር የተወዳጀ ነው። ገና በ16 ዓመቱ ስመ ጥሩው ዬል ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ቀጥሎም ከሃርቫርድ በቢዝነስ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪውን ያዘ። ከዚያ በኋላ በኩባንያዎች ውስጥ እየሠራ ደረጃ በደረጃ ወጣና በሳንፍራንሲስኮ የፓሲፊክ አክሲዮን ገበያ ከፍተኛ ምክትል ፕሬዚዳንት ለመሆን በቃ። ከረባት የሚያስር፣ ደሞዙ ወፍራም፣ የተከበረ ሰው ነው። ቁማርተኛ ይሆናል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

ሕይወቱን የለወጠው አንድ መጽሐፍ ነው። የሒሳብ ምሁሩ ኤድዋርድ ቶርፕ በኮምፒዩተር እየታገዘ ብላክጃክን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1962 «ቢት ዘ ዲለር» የተሰኘውን መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። መጽሐፉ እስከዚያ ድረስ የማይታመን የነበረውን ነገር በቁጥር አረጋገጠ፤ ብላክጃክ እንደ ሌሎቹ የካዚኖ ጨዋታዎች አይደለም፣ የወጣውን ካርታ በልቡ የያዘ ተጫዋች ቤቱን መብለጥ ይችላል።

ምሥጢሩ የት ላይ ነው?

የጨዋታው ሕግ ቀላል ነው። ከ2 እስከ 10 ያሉት ካርታዎች በቁጥራቸው ይቆጠራሉ። ጃክ፣ ኩዊን እና ኪንግ 10 ናቸው። ኤስ እንደ ሁኔታው 1 ወይም 11 ይሆናል። ተጫዋቹ ከ21 ሳያልፍ ከአዳዩ መብለጥ አለበት። አዳዩ ምርጫ የለውም፤ 16ም ሆነ ከዚያ በታች ከያዘ ይጨምራል፣ 17 ሲደርስ ይቆማል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርታዎች ኤስ እና ባለ 10 ያገኘ ሰው ብላክጃክ ሠራ ይባልና በጥሩ ሕግ በሚሠራ ጠረጴዛ ላይ 10 ብር መድቦ 15 ብር ይበላል።

ታዲያ ቤቱ የሚበልጠው በምንድን ነው? ቀድሞ የሚጫወተው ተጫዋቹ ነው። ከ21 ካለፈ እዚያው ይበላል፤ አዳዩ በኋላ እሱም ቢያልፍ ለተጫዋቹ አይተርፈውም። የቤቱ እንጀራ ይቺ ናት። ሆኖም እያንዳንዱን እጅ በትክክለኛው ስሌት የሚጫወት ሰው የቤቱን ብልጫ ወደ ግማሽ ፐርሰንት ገደማ ሊያወርደው ይችላል።

ቆጠራው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከ2 እስከ 6 ያሉት ትናንሽ ካርታዎች በብዛት ከወጡ የቀረው ክምር በ10 እና በኤስ የበለፀገ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ብላክጃክ ይበዛል፤ መጨመር ግዴታው የሆነው አዳይም ቶሎ ቶሎ ከ21 ያልፋል። ስለዚህ ቆጣሪው ለትንሽ ካርታ አንድ ይደምራል፣ ለትልቅ ካርታ አንድ ይቀንሳል። ድምሩ ከፍ ሲል መደቡን ያበዛል፣ ዝቅ ሲል ይሰበስባል። ማጭበርበር የሚባል ነገር የለበትም። ሁሉም ሰው የሚያየውን ካርታ ማስታወስ ብቻ ነው።

እንደ ዕቁብ የተሰበሰበ ገንዘብ

ኡስተን በ1970ዎቹ አጋማሽ አል ፍራንቼስኮ ከሚባል ብልህ ቁማርተኛ ጋር ተዋወቀ። ፍራንቼስኮ አንድ ዘዴ ፈጥሮ ነበር። ለብቻው የሚቆጥር ሰው መደቡን በድንገት ከ5 ዶላር ወደ 500 ሲያሳድግ ካዚኖው ወዲያው ይነቃበታል። ስለዚህ ሥራው ለብዙ ሰው ይከፋፈል አለ። ቆጣሪዎቹ በየጠረጴዛው ተበታትነው ሳንቲም በሳንቲም እየመደቡ ይቆጥራሉ። ክምሩ ሲሞቅ በድብቅ ምልክት ይሰጣሉ። ያን ጊዜ ገንዘቡ የበዛበት ሀብታም የሚመስለው «ትልቁ ተጫዋች» ዘና ብሎ ይመጣና ወፍራም ወፍራሙን ይመድባል። ክምሩ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ተነሥቶ ላሽ ይላል።

ነገሩን ለጉራጌ አገር ሰው ማስረዳት አይከብድም። ዕቁብ የሚጥል ማንኛውም የወልቂጤ ነጋዴ ለብቻ የማይሞላው ገንዘብ ተሰብስቦ ትልቅ ሥራ እንደሚሠራ ያውቃል። የእነ ኡስተን ቡድንም ካፒታሉን በጋራ አዋጥቶ፣ ሒሳቡን በጋራ ይዞ፣ ትርፉን እየተከፋፈለ ነው የሚሠራው። ያለ መተማመን አንድ ቀንም አያድርም። ልዩነቱ ዕቁብ ውስጥ ያለ ሰው ዕጣው ቢዘገይም የራሱን ገንዘብ መልሶ ማግኘቱ ነው። የካዚኖ ዕጣ ግን እንዲህ ያለ ቃል አይገባም።

ኡስተን በቆጣሪነት ጀምሮ ትልቁ ተጫዋች ሆነ። ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስል ነበር። ድምቀት ይወዳል፣ ልብስና መልክ እየቀያየረ ሌላ ሰው መምሰል ይችልበታል። ውሎ አድሮም የአክሲዮን ገበያውን ሥራ ጥሎ ሙሉ በሙሉ ወደ ጠረጴዛው ገባ።

ግን ያው ድምቀት መወደዱ ጦስ አመጣ። እ.ኤ.አ. በ1977 ከጋዜጠኛ ሮጀር ራፖፖርት ጋር ስለ ቡድኑ አሠራር የሚያወሳ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ ኡስተንን ዝነኛ ሲያደርገው የፍራንቼስኮን ምሥጢር ግን አደባባይ አወጣው። ዘዴውን የፈጠረውና ለኡስተን ያስተማረው ሰው ከዚያ በኋላ በካዚኖ ውስጥ ተደብቆ መጫወት አልቻለም። በኡስተን ሕይወት ውስጥ ከገንዘብ ኪሳራ የከፋው ነገር ይኸው ነው፤ የጋራውን ዕቁብ መዝገብ ገበያ መሐል እንደ መዘርጋት ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ደግሞ ከፈጠራ ባለሙያው ኪት ታፍት ጋር ሆኖ ሌላ ነገር ሞከረ። ታፍት በልብስ ሥር የምትደበቅ፣ በእግር ጣት የምትታዘዝ ትንሽ ኮምፒዩተር ሠርቶ ነበር። መሣሪያዋ በካዚኖ ጥበቃዎች እጅ ወደቀች። የኔቫዳ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1985 እንዲህ ያለውን መሣሪያ በሕግ እስከ መከልከል ደረሰች።

ችሎታ ወንጀል ነው ወይ?

እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 1978 በኒውጀርሲ ግዛት፣ አትላንቲክ ሲቲ ከተማ፣ ሪዞርትስ ኢንተርናሽናል የተባለው ካዚኖ ተከፈተ። ኡስተን ቡድኑን ይዞ ደረሰ። በጥር 1979 ካዚኖው ቆጣሪዎችን እንዳያባርር ለጥቂት ጊዜ ሲታዘዝ የእሱ ቡድን በዘጠኝ ቀን ውስጥ 145 ሺህ ዶላር ዘርፎ ወጣ፤ ዘርፎ ሲባል በሕጉ መሠረት ነው። ወሩ ሳያልቅ ኡስተን ዳግመኛ እንዳይገባ ታገደ።

ብዙ ቆጣሪ እንዲህ ሲገጥመው ጺም ለጥፎ በሌላ በር ይገባል። ኡስተን ይህንንም ያውቅበት ነበር፤ በዚህ ጊዜ ግን ክስ መሠረተ። ክርክሩ ቀላል ግን ከባድ ነበር። ካዚኖው በሩን ለሕዝብ ከፍቶ፣ የሚበላውን ሁሉ በፈገግታ እየተቀበለ፣ ጭንቅላቱን ስለተጠቀመ ብቻ አንዱን ሰው ማስወጣት ይችላል ወይ? በኔቫዳ ያቀረባቸው ክሶች ውድቅ ሆነውበታል። በኒውጀርሲ ግን ጉዳዩ እስከ ግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደና እ.ኤ.አ. በ1982 ተፈረደለት። ፍርድ ቤቱ የጨዋታውን ሕግ የማውጣት ሥልጣን የግዛቲቱ የካዚኖ ቁጥጥር ኮሚሽን እንጂ የካዚኖው አይደለም፤ ኮሚሽኑ እስካልደነገገ ድረስም ካርታ መቁጠር ሰውን ለማባረር ምክንያት አይሆንም ሲል ወሰነ። ይህ ውሳኔ ዛሬም በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ውስጥ የሚጠቀስ ነው።

ድሉ ግን ጣፋጭ ብቻ አልነበረም። ካዚኖዎቹ ሰውየውን ማባረር ሲከለከሉ ጨዋታውን ቀየሩት። በአንድ ክምር እስከ ስምንት ጥቅል ካርታ መጠቀም፣ ክምሩ ሳያልቅ ደጋግሞ መበወዝ ጀመሩ። በሩ ተከፍቶ ማዕዱ ተነሣ ማለት ነው።

ኡስተን በቁማር ብቻ አልተወሰነም። እ.ኤ.አ. በ1981 «ሚሊዮን ዶላር ብላክጃክ» የተሰኘውን መጽሐፉን አወጣ። የፓክማን ጨዋታ ዓለምን ባዳረሰበት ሰሞንም ጨዋታውን እንዴት መርታት እንደሚቻል የሚያስረዳ መጽሐፍ ጽፎ በብዛት ተሸጠለት። እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 1987 ፓሪስ በተከራየው አፓርታማ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። 52 ዓመቱ ነበር። ሞቱ ከልብ ሕመም ጋር የተያያዘ መሆኑ ተገለጸ።

ኡስተን በስልክ ቢጫወት ኖሮ

አሁን ወደ ስልኩ እንመለስ። ኢንተርኔት ላይ ያለው የብዙ እጅ ብላክጃክ ሕጉ ያው ነው። ተጫዋቹ በእያንዳንዱ እጅ ላይ ለየብቻ ይመድባል፤ እጆቹን በተራ ይጨርሳል፤ ከዚያ አዳዩ አንዴ ይጫወትና ከሁሉም ጋር ይተሳሰባል። ትክክለኛው አጨዋወትም አይለወጥም። ከ13 እስከ 16 የያዘ ሰው አዳዩ ከ2 እስከ 6 ካሳየ ይቆማል፤ 7ና ከዚያ በላይ ካሳየ 17 እስኪደርስ ይጨምራል። ሁለት ኤስ እና ሁለት 8 ይከፈላሉ። ኢንሹራንስ የሚሉት የጎን ውርርድ አይነካም።

ወጥመዱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ አምስቱም እጆች የሚፋለሙት ከአንድ አዳይ ጋር ስለሆነ ዕጣቸው የተሳሰረ ነው። አዳዩ 21 ሲሠራ ሁሉም አንድ ላይ ሊጠረጉ ይችላሉ። ሁለተኛው ሒሳብ ነው። በአንድ እጅ 10 ብር እየመደበ በሰዓት 200 ዙር የሚጫወት ሰው 2 ሺህ ብር ያሽከረክራል። በአምስት እጅ ከሆነ 10 ሺህ ብር ነው። እንደ ኡስተን የሚጫወት ቢሆን እንኳ በግማሽ ፐርሰንት ሒሳብ በአማካይ 50 ብር ይበላል፤ በስሜት እየተጫወተ የቤቱ ብልጫ 2 ፐርሰንት ከደረሰ ደግሞ 200 ብር። ይህ የአንድ ሰዓት ነው። ብላክጃክ በ10 ብር 15 መክፈሉ ቀርቶ 12 ብቻ ከከፈለ ኪሳራው ከዚህም ይብሳል።

ቆጠራውስ? እውነተኛ ካዚኖ ውስጥ ቆጣሪዎች ክምሩ ሲሞቅ ሁለት እጅ ይይዙ የነበረው የቀረውን ካርታ ስለሚያውቁ ነው። በስልኩ ላይ ግን በአብዛኛው ካርታውን የሚያድለው ፕሮግራም ነው፤ በየዙሩም ከዜሮ ይበውዛል። የሚቆጠር የቀረ ክምር የለም። ኡስተን ራሱ በሕይወት ኖሮ ቡታጅራ ቁጭ ብሎ ቢጫወት፣ ያ ሁሉ ችሎታው ቀስ ብሎ ከመበላት በላይ አያስገኝለትም ነበር። ለመስቀል አገር ቤት ለመግባት ዓመቱን ሙሉ ብር በብር ያጠራቀመ ልጅ ይህን ቢያውቅ አይጎዳም።

ኡስተን ከሞተ ከ15 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 መጀመሪያ፣ በካሊፎርኒያ ከሚገኘው ባሮና ካዚኖ ጋር የተያያዘው የብላክጃክ የዝና አዳራሽ የመጀመሪያዎቹን ሰባት ሰዎች ሲመርጥ ስሙ ከቶርፕና ከፍራንቼስኮ ጎን ተጻፈ። ተማሪው ምሥጢሩን ካወጣበት መምህሩ ጋር አንድ መዝገብ ላይ ተገናኘ። ካዚኖው ለተመራጮቹ የሰጠው ሽልማትም አለ። ዕድሜ ልካቸውን ማደሪያና ምግብ በነፃ ያገኛሉ። ቅድመ ሁኔታው አንድ ብቻ ነው፤ በባሮና ጠረጴዛዎች ላይ ፈጽሞ ላይጫወቱ ነው።