የዮዲት ወገን ማን ነው?

ባለፈው ክረምት የቡ፣ እህቴ ቤት በሰነበትኩበት ጊዜ የእህቴ ልጅ ከኮምፒውተሩ አልነቀል ብሎ ነበር። የሚጫወተው ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 የተባለውን የጦርነት ጌም ነው። የሞንጎሎቹ የጦር አዛዥ ሱቡታይ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በዚህ ጌም ውስጥ ከተራው ወታደር የበረታ ጀግና ሆኖ ይዋጋል። ልጁ ያን ዕለት የያዘው ግን ሱቡታይን ሳይሆን ዮዲትን ነበር፤ ጦሯን አሰልፎ ወደ አክሱም ይገሰግሳል። ጉዲት ስትባል እንጂ ስትመሰገን ሰምቼ የማላውቃት ሴት ጀግና ሆና ሳያት ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ ፈዝዤ ቀረሁ።

እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ተጨማሪ ክፍል ኢትዮጵያውያን ወደ ጌሙ ሲገቡ፣ በአምስት ምዕራፍ ታሪኳ እንዲተረክ የተመረጠችው ዮዲት ነበረች። ትረካው ከስደቷ ተነስቶ በአክሱም ሐውልቶች መሰበር ያበቃል።

ለመሆኑ ይህች ሴት ማን ናት? ትውፊታችን እንደሚለው ከነገሥታት ዘር የተወለደች መልከ መልካም ነበረች። በቤተ ክርስቲያን ንብረት ሰበብ ተወንጅላ፣ ተዋርዳ ተሰደደች። የሻም መስፍን አግብታ የአይሁድን እምነት ተቀበለች። ጦር ይዛ ተመልሳም በደብረ ዳሞ የነበሩትን መሳፍንት ፈጀች፤ የተረፈው ወራሽ ወደ ሸዋ ሸሸ። እሷም 40 ዓመት ገዛች ይባላል።

በዘመኑ የተጻፈው ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንድ የኢትዮጵያ ንጉሥ ለኖባው ንጉሥ ጊዮርጊስ በላከው ደብዳቤ፣ አንዲት ንግሥት ከቦታ ቦታ እንደምታሳድደው፣ ከተሞችን እንዳቃጠለችና አብያተ ክርስቲያናትን እንዳፈረሰች ገልጾ ከእስክንድርያ ጳጳስ እንዲያስልክለት ይማጸናል። የደብዳቤው ፍሬ ነገር በእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል። በዚያው ዘመን የጻፈው ዓረባዊው የጂኦግራፊ ሊቅ ኢብን ሐውቀልም ንጉሡን ገድላ ለ30 ዓመታት ያህል የሐበሻን አገር ስለገዛች ሴት ያወሳል።

እኛን የጅማና የአካባቢዋን ሰዎች የሚነካ ነገርም አለ። ኢጣሊያዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ፣ በዓረብኛው ጽሑፍ የሰፈረው የንግሥቲቱ ሕዝብ ስም ሲገለበጥ የተበላሸ እንጂ ዳሞት ማለት ነው የሚል ግምት አቅርቦ ነበር። የጥንቱ ዳሞት ደግሞ ከዓባይ በስተደቡብ የነበረ አገር ነው። ግምቱ ትክክል ከሆነ፣ ንግሥቲቱ የመጣችው ከሻም ሳይሆን ከእኛው አቅጣጫ ነው ማለት ነው።

ሐውልቶቹስ? ወድቆ የተሰባበረው ትልቁ የአክሱም ሐውልት ቁመቱ 33 ሜትር፣ ክብደቱም ከ500 ቶን በላይ ነው። የሥነ ቁፋሮ ባለሙያዎች የወደቀው ሲተከል፣ ወይም ከተተከለ ብዙም ሳይቆይ፣ እንደሆነ ያምናሉ። ይህም ከዮዲት በፊት በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። አክሱምም ብትሆን የቀይ ባሕር ንግዷ ሲዳከም ቀድማ ደክማ ነበር።

ሱቡታይም ከተሞችን አውድሟል። እ.ኤ.አ. በ1241 በሞሂ ሜዳ የሃንጋሪን ጦር ደምስሷል። ሆኖም ሞንጎሎች የራሳቸውን ታሪክ ራሳቸው በመጻፋቸው፣ ስለ እሱ ገዳይም ተገዳይም ተናግረዋል። ስለ ዮዲት የተናገሩት ግን ያሳደደችው ንጉሥና የሩቅ አገር ሰው ናቸው፤ ከእሷ ወገን አንድ መስመር አልደረሰንም። የጌሙ ሠሪዎች ተጫዋቹን ከእሷ ጎን ማሰለፋቸው ደግ ነው። ያልጻፈችውን ግን እነሱም ሊጽፉላት አይችሉም።

ማምሻውን የእህቴ ልጅ አሸነፈና ሐውልቶቹ ወደቁ። ትልቁን እሷ እንዳልጣለችው ነገርኩት። ታዲያ ለምን በእሷ ያሳብባሉ ሲል ጠየቀኝ። የሚመልስላት ሰው ስላልነበራት ነው አልኩት።