ደጃዝማች በላይ ዘለቀና የአርበኛ ውለታ



ባለፈው ሚያዝያ 27 ቀን ከጓደኞቼ ጋር በአራት ኪሎ ሳልፍ፣ የአባቶቻቸውን ሜዳልያ በደረታቸው ላይ የደረደሩ ሽማግሌዎች በሐውልቱ ዙሪያ ቆመው አየን። ፈተና ደርሶብን ስለ ነበር ሰላምታ እንኳ ሳንሰጣቸው አለፍን። ማታ ግን ነገሩ ከነከነኝ። የአርበኛን ውለታ መዘንጋት በእኛ ትውልድ የተጀመረ ነውን? ይህን ሳስብ የበላይ ዘለቀ ሕይወት ትዝ አለኝ። (በማዕረጉ ደጃዝማች ነውና አንቱ ልለው በተገባኝ ነበር፤ ነገር ግን ሕዝቡ እንደ ቤተሰቡ በላይ እያለ ስለሚጠራው እኔም እንደዚያው እጽፋለሁ።)

አባቱ ባሻ ዘለቀ ላቀው የልጅ ኢያሱ አገልጋይ ነበሩ። ሊይዟቸው ከመጡ ሰዎች ጋር ተጣልተው ሲሞቱ በላይ ገና ልጅ ነበር። ቂሙን ይዞ አደገ፤ ለአቅመ አዳም ሲደርስም ሸፈተ። እንግዲህ የኢጣልያ ጦር በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲወር በላይ በዓባይ በረሓ የሚኖር ሽፍታ እንጂ የቤተ መንግሥት ባለሟል አልነበረም። ከመንግሥት ርስትም ሹመትም ሳይቀበል ነው ለአገሩ የተነሣው።

ሲጀምር ጥቂት ሰዎችና ጥቂት ጠመንጃ ብቻ ነበሩት። ጥይቱንም መሣሪያውንም ከጠላት እየማረከ ጦሩን አበዛ። ጠላት በቢቸና ምሽጉን ሲጠብቅ ገጠሩ በበላይ እጅ ነበር፤ ዓባይን እየተሻገረም በወሎ በኩል ይዋጋ ነበር። በፈረስ ስሙ አባ ኮስትር ይሉታል።

ከታሪኩ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። በላይ አብረውት ለሚዋጉት ገበሬዎች ራስ፣ ደጃዝማች፣ ፊታውራሪ እያለ ማዕረግ ይሰጥ ነበር። ለራሱ ግን ከልጅ በላይነት ያለፈ ስም አልወሰደም። ይህን ሰምተው የሚስቁ አሉ። እኔ ግን አልስቅም። ንጉሠ ነገሥቱ በስደት ነበሩ፤ ደመወዝ የለም፣ ሜዳልያ የለም፣ ለሞተው ሰው ልጅ ጡረታ የለም። የሰውየው እጅ ባዶ ስለ ነበር ወታደሩን ያመሰገነው ባለው ነገር፣ ማለትም በክብር ነው።

በ1933 ዓ.ም. ድል ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ በጎጃም በኩል ተመልሰው ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። በዚያው ዘመን ከደብረ ማርቆስ የሸሸው የጠላት ጦር ዓባይን ሲሻገር በላይ መንገዱን አልዘጋም፤ ለጠላት ያደሩት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በጋብቻ ተስፋ አባብለውታል ብለው የእንግሊዝ መኮንኖች ጽፈዋል። ይህን ክስ መሸሸግ አልፈልግም። ቢሆንስ የአምስቱን ዓመት ተጋድሎ ይፍቀዋልን?

ከድል በኋላ በላይ ደጃዝማች ተብሎ ቢቸናን እንዲገዛ ተሾመ። ኃይሉ በለው ግን ራስ ተብለው ጠቅላላውን ጎጃም አገኙ። በላይ ከድካሙ ጋር ሲያመዛዝነው ሹመቱ አነሰበት፤ ለጠላት ያደሩ ሰዎች ተመልሰው ሲከበሩ ማየትም አንገበገበው። በመጨረሻ አልታዘዝም ብሎ ሶማ ተራራ ላይ መሸገ። በመንግሥት ጦር ተከቦ ሲዋጋ ቆይቶ እጁን ሰጠ። እርግጥ ነው፣ በመንግሥት ላይ ጦር መምዘዝ ጥፋት ነው፤ በዚያ ውጊያም የወገን ደም ፈሷል። ሞት ተፈረደበትና በምሕረት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠለት።

በእስር ቤት የራስ ኃይሉ ልጅ ልጅ ማሞ ኃይሉ ነበሩ። አርበኛውና ከጠላት ጋር የቆመው ሰው በአንድ ግቢ ታስረው አንድ ላይ ለማምለጥ መከሩ። አመለጡም፤ ግን ብዙ ሳይርቁ ተያዙ። ጥር 1937 ዓ.ም. በላይ ከወንድሙ ከእጅጉ ዘለቀና ከሌሎች ጋር በአዲስ አበባ በስቅላት ተቀጣ። ከድል በዓሉ አራት ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። ለጠላት ያደሩት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ግን አልተሰቀሉም።

ዛሬ በአዲስ አበባ በበላይ ዘለቀ ስም የሚጠራ መንገድ አለ፤ በቢቸናም ትምህርት ቤት አለ። በረሓ ውስጥ ራስና ፊታውራሪ ያላቸው ገበሬዎች ስማቸው የሚገኘው፣ ከተገኘም፣ በልጆቻቸውና በልጅ ልጆቻቸው አፍ ብቻ ነው። ስለዚህ እኛ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ለመጪው ሚያዝያ 27 ተቀጣጥረናል። ማልደን አራት ኪሎ ሄደን፣ እነዚያን ሽማግሌዎች እጅ ነሥተን፣ የአባቶቻቸውን ስምና የዘመቱበትን ቦታ ከአንደበታቸው እየጠየቅን እንጽፋለን። ደብተሩን ገዝተናል። መምጣት የሚፈልግ ከእሑድ ትምህርት በኋላ ስሙን ያስመዝግብ።