ጂም ግሬይ

ጄምስ ኒኮላስ ግሬይ (በአጭሩ ጂም ግሬይ፤ እ.ኤ.አ. ጃንዩዌሪ 12 ቀን 1944 ተወለደ፣ ጃንዩዌሪ 28 ቀን 2007 በባሕር ላይ ጠፋ) አሜሪካዊ የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ነበር። በተለይ የሚታወቀው በዳታቤዝ ትራንዛክሽን ላይ ባደረገው ምርምር ነው። ኮምፒውተር በሥራ መካከል ቢሰናከል መረጃው ሳይበላሽ የሚመለስበትን ሕግ ካበጁት ዋነኛው ሲሆን፣ ይህ ሕግ የት ላይ ሊላላ እንደሚችልና ሲላላ ምን እንደሚታጣም ለይቶ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1998 የቱሪንግ ሽልማትን አገኘ።

ትውልድና ትምህርት

ግሬይ የተወለደው በካሊፎርኒያ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1966 የመጀመሪያ ዲግሪውን፣ በ1969 ደግሞ ዶክትሬቱን ተቀበለ። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ክፍል በዶክትሬት የተመረቀ የመጀመሪያው ሰው ነው።

ትራንዛክሽንና መልሶ ማገገም

በ1970ዎቹ በአይቢኤም የሳን ሆዜ ምርምር ማዕከል ሲስተም አር የተባለውን ዳታቤዝ ከሠሩት አንዱ ነበር። ትራንዛክሽን ማለት ወይ ሙሉ በሙሉ የሚፈጸም፣ ወይም ጨርሶ እንዳልተጀመረ የሚቆጠር ሥራ ነው። ገንዘብ ከአንድ የባንክ ሒሳብ ተቀንሶ በሌላው ላይ ሳይደመር መብራት ቢጠፋ ገንዘቡ የትም የለም። ይህ እንዳይሆን እያንዳንዱ ለውጥ ዳታቤዙ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሎግ በሚባል መዝገብ ላይ ይጻፋል። ማሽኑ ተመልሶ ሲነሳ መዝገቡን አንብቦ ያላለቀውን ይሽራል፣ ያለቀውን ያጸናል።

ዳታቤዙ በብዙ ማሽኖች ላይ ሲሰራጭ ደግሞ ሁሉም በአንድ ውሳኔ መስማማት አለባቸው። ግሬይ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው ጽሑፍ የተነተነው ዘዴ ሁለት ደረጃ አለው። አስተባባሪው ማሽን መጀመሪያ የሁሉንም ዝግጁነት ይጠይቃል፤ ሁሉም እሺ ካሉ እንዲያጸኑ፣ አንዱ እንኳ እምቢ ካለ ሁሉም እንዲሽሩ ያዛል። ጉድለቱ፣ አስተባባሪው በመካከል ቢሰናከል እሺ ያሉት ማሽኖች ማጽናትም መሻርም ሳይችሉ መረጃውን ቆልፈው መጠበቃቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ከሌስሊ ላምፖርት ጋር ለዚህ ችግር መፍትሔ የሚሆን ጽሑፍ አሳትሟል።

የሕጉ መላላት

እ.ኤ.አ. በ1976 ግሬይና ሦስት የአይቢኤም ባልደረቦቹ የመረጃ ወጥነትን ከ0 እስከ 3 በአራት ደረጃዎች ከፈሉ። በደረጃ 3 ትራንዛክሽኖች አንዱ የሌላውን ሥራ አይረብሹም። በደረጃ 2 ያልጸና መረጃ አይነበብም፤ ሆኖም አንድ መረጃ ሁለቴ ቢነበብ የተለያየ መልስ ሊገኝ ይችላል። በደረጃ 1 ያልጸና መረጃም ሊነበብ ይችላል፤ ነገር ግን አንዱ ትራንዛክሽን ሲሻር የሌላው ለውጥ አይጠፋም። በደረጃ 0 ትራንዛክሽኑ የጻፈውን ሳይጨርስ ለሌሎች ስለሚለቅ፣ ቢሰናከል በአስተማማኝ ሁኔታ መሻር አይቻልም። ሕጉ በላላ ቁጥር ብዙ ሥራ ጎን ለጎን ይሄዳል፤ የስሕተቱ ዕድልም ይጨምራል።

እ.ኤ.አ. በ1981፣ በታንደም ኩባንያ ሳለ ባሳተመው ጽሑፍ፣ ቀናት ለሚፈጅ ሥራ ሁሉን ቆልፎ መቆየት እንደሚያስቸግር አመለከተ። አንዴ የጸና ትራንዛክሽን አይሻርም፤ የሚቻለው ጉዳቱን በሌላ ትራንዛክሽን ማካካስ ነው። ሄክተር ጋርሲያ ሞሊናና ኬኔት ሳሌም እ.ኤ.አ. በ1987 ሳጋ ብለው ያቀረቡት ዘዴም በማካካሻ ላይ የቆመ ነው፤ ረጅሙ ሥራ በአጫጭር ትራንዛክሽኖች ይከፈላል፣ ለእያንዳንዱም ማካካሻ ይዘጋጅለታል።

የኋላ ሥራና መጥፋት

ከታንደም በኋላ በዲጂታል ኢኩዊፕመንት፣ ከ1995 ጀምሮ ደግሞ በማይክሮሶፍት ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1993 ከአንድሪያስ ሮይተር ጋር ስለ ትራንዛክሽን ሰፊ መጽሐፍ አሳተመ። የሳተላይት ፎቶዎችንና የሥነ ፈለክ መረጃዎችን በኢንተርኔት ለሕዝብ ክፍት ያደረጉ ዳታቤዞችንም ገንብቷል።

እ.ኤ.አ. ጃንዩዌሪ 28 ቀን 2007 የእናቱን አስከሬን አመድ በባሕር ላይ ለመበተን ብቻውን በጀልባ ወደ ፋራሎን ደሴቶች ተጓዘ፤ አልተመለሰም። የባሕር ጠባቂዎች ፈለጉት፤ በሺዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞችም የሳተላይት ፎቶዎችን በኢንተርኔት አሰሱ። እሱም ሆነ ጀልባው አልተገኙም። እ.ኤ.አ. በ2012 በሕግ እንደሞተ ተቆጠረ።