ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ እና የመንገድ ቀረጥ

ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሸቤ የሚለቀም ቡና ባሕር ማዶ ካለው ጠጪ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ብዙ ወጪ ይወጣበታል። እንዲህ ያለው ወጪ በመጨረሻ በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ አስቀድመው ከመረመሩት ኢትዮጵያውያን አንዱ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው።

ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. በአድዋ አቅራቢያ በማይ ምሻም ተወለዱ። በልጅነታቸው ከምጽዋ በመርከብ ወደ አውሮፓ ተሻግረው በአንድ ኦስትሪያዊ ቤተሰብ ዘንድ አደጉ፤ በበርሊንም ሕክምና ተማሩ። ወደ አገራቸው ተመልሰው ዐፄ ምኒልክን በአስተርጓሚነት አገለገሉ። በኋላም የምድር ባቡር ተቆጣጣሪ፥ ቀጥሎም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው ተሾሙ።

በዚያ ዘመን የጅማና የከፋ ቡና በበቅሎ ተጭኖ ሲጓዝ ነጋዴው በየኬላው ቀረጥ ይከፍል ነበር። በኬላ የጨመረውን ወጪ ከገበሬው መግዣ ዋጋ ላይ ይቀንሰዋል። የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ብዙዎች ሐዲዱን የሥልጣኔ ፍጻሜ አድርገው ሲመለከቱት፥ ገብረ ሕይወት ግን ጥሬ ዕቃ አውጥቶ የተሠራ ዕቃ ብቻ የሚያስገባ ባቡር አገርን እንደማያበለጽግ አስረዱ። ግብርና ቀረጥ በታወቀ ደንብ እንዲወሰን ጠየቁ፤ ሕዝቡ ደኽይቶ መንግሥት ሊከብር እንደማይችልም አስተማሩ።

ይህ አሳብ የእኛንም ሙያ የሚነካ ነው። ድልድይ ለማደስ ወይም በወደብ ለመርከብ መምሪያ የሚሆን መብራት ለማብራት የሚከፈል ገንዘብ ለከፋዩ አገልግሎት ሆኖ ይመለሳል። አገልግሎት የማይሰጥ ወይም ከአገልግሎቱ በላይ የሆነ ክፍያ ግን ራሱን የቻለ መሰናክል ነው። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1836 እ.ኤ.አ. በግለሰቦች እጅ የነበሩት የባሕር መብራቶች በግዢ ወደ አንድ ባለአደራ እንዲዛወሩ የደነገገውም ክፍያው በመርከብ ንግድ ላይ ስለከበደ ነበር።

ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ሳሉ ዐረፉ። መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የተባለው መጽሐፋቸው የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። እኛ መሐንዲሶች የመንገድን ወጪ በኪሎ ሜትር ማስላት ለምደናል። እርሳቸው የተዉልን ጥያቄ ግን ከዚህ ይሰፋል፦ መንገዱ ከተሠራ በኋላ ከሚገኘው ጥቅም ለቡና ለቃሚው የሚደርሰው ስንቱ ነው? ይህ ሳይሰላ የቀረ ጥናት ሥሌቱ ቢሰምርም ግማሽ ጥናት ነው።