ፕሮፌሰሩና ኦርኬስትራው

የዩኒቨርሲቲ ኦርኬስትራዎች በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ለሕዝብ በሚያቀርቡት የሙዚቃ ምሽት፣ አንድ ሲምፎኒና ከኦፔራ የተውጣጡ ጥቂት አሪያዎች፣ ማለትም ዘፋኙ በኦርኬስትራ ታጅቦ ብቻውን የሚያዜማቸው ክፍሎች፣ መርሐ ግብሩን ይሞሉታል። በዚህ ዓይነቱ ምሽት የሩሲያዊው አሌክሳንደር ቦሮዲን ስም ብዙ ጊዜ ይገኛል። ከሲምፎኒዎቹ ሁለተኛው፣ «ልዑል ኢጎር» ከተባለው ኦፔራው ደግሞ የምርኮኛው ልዑል አሪያ ወይም የፖሎቭትሲያውያን ጭፈራ ይመረጣል። ቫዮሊኑን ይዞ የተቀመጠው የምሕንድስና ወይም የሕክምና ተማሪ ግን፣ የሚጫወተውን ዜማ የደረሰው ሰው በሙዚቃ ትምህርት ቤት ያልተማረ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር መሆኑን፣ እንዲያውም እንደ እርሱ ካሉ የሕክምና ተማሪዎች የተሰባሰበ ኦርኬስትራ ራሱ ቆሞ ይመራ እንደ ነበር ላያውቅ ይችላል። ከዚህ ቀጥሎ የሚጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቦሮዲን በኖቬምበር 1833 በሴንት ፒተርስበርግ ተወለደ። አባቱ ሉካ ጌዲያኖቭ የተባለ በዕድሜ የገፋ የጆርጂያ መስፍን፣ እናቱ አቭዶትያ አንቶኖቫ የምትባል ወጣት ሴት ነበረች። ወላጆቹ በሕግ የተጋቡ ስላልነበሩ ሕፃኑ በመዝገብ የሰፈረው ፖርፊሪ ቦሮዲን በተባለው የመስፍኑ ገባር ልጅነት ነው። ስለዚህ የመስፍን ልጅ ሆኖ ሳለ በሕግ ፊት ገባር ነበር፤ አባቱ ከመሞቱ በፊት ነፃ አወጣው። እናቱንም በሰው ፊት የሚጠራት አክስቴ እያለ ነበር። ልጁ በቤት ውስጥ በመምህራን ተማረ፤ ፍሉትና ፒያኖ ተለማመደ፤ ሴሎ ደግሞ ራሱን በራሱ አስተማረ። ሽቺግልዮቭ ከተባለ አብሮ አደጉ ጋር በአንድ ፒያኖ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሃይድንንና የቤቶቨንን ሲምፎኒዎች በአራት እጅ ይጫወቱ ነበር። በዚያው ጊዜ መኖሪያ ቤቱ የኬሚካል ጠርሙስ ሞልቶበት ነበር፤ ርችት ይሠራል፣ ቀለም ያነጥራል፣ ቤቱም እሳት እንዳይነሣበት ቤተ ሰቡ ይሰጋ ነበር።

በ1850 የሕክምናና የቀዶ ጥገና አካዳሚ ገባ። በዚያ ያገኘው መምህር ኒኮላይ ዚኒን፣ በ1842 ከናይትሮቤንዚን አኒሊን በማውጣት ለማቅለሚያ ኢንዱስትሪ መንገድ የከፈተው ታላቅ ኬሚስት ነው። ዚኒን ወጣቱን እንደ ወራሹ ቈጠረው፤ ሐሳቡን በዜማና በላቦራቶሪ መካከል ሲከፍል ሲያየው ግን ሁለት ጥንቸል የሚያሳድድ ሰው እንዳይሆን አጥብቆ ገሠጸው። ቦሮዲን ትምህርቱን ጨርሶ በወታደራዊ ሆስፒታል ተመደበ። የተገረፉ ገባሮች ቁስላቸው እንዲታከም ወደ እርሱ በመጡ ጊዜ ደጋግሞ ራሱን ስቶ መውደቁ ይነገራል። የሕክምና ሥራ ለእርሱ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ተረዳ። እዚያው ሆስፒታል ተረኛ ሆኖ ሳለ በ1856 ሞደስት ሙሶርግስኪ ከተባለ የአሥራ ሰባት ዓመት መኮንን ጋር ተዋወቀ። በ1858 አርሴኒክ አሲድ ከፎስፈሪክ አሲድ ጋር ያለውን ተመሳሳይነት መርምሮ የዶክትሬት ማዕርግ አገኘ።

በ1859 አካዳሚው ለከፍተኛ ጥናት ወደ ሃይድልበርግ ላከው። በዚያ ከዲሚትሪ ሜንዴሌዬቭ ጋር ወዳጅ ሆነ፤ በ1860 በካርልስሩኸ በተደረገው የኬሚስቶች ዓለም አቀፍ ጉባኤም አብረው ተገኙ። በ1861 ሳንባዋን ለመታከም ወደ ሃይድልበርግ የመጣችውን የፒያኖ ተጫዋች ኢካቴሪና ፕሮቶፖፖቫን አገኘ። የሾፓንንና የሹማንን ሙዚቃ ያስተዋወቀችው እርሷ ናት። ሐኪሞች ለጤንነቷ ሞቃት አገር ሲያዙላት ሁለቱም ወደ ጣልያን ወደ ፒሳ ሄዱ፤ እርሱም ከከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ገብቶ በ1862 ቤንዞይል ፍሎራይድን ሠራ። ይህ ፍሎሪንን ከካርቦናዊ ውሕድ ጋር ለማስተሳሰር ከተደረጉት ቀደምት ሥራዎች አንዱ ነው። ከዚያ በፊት በ1861 የካርቦናዊ አሲድ የብር ጨውን ከብሮሚን ጋር በማዋሐድ ያሳየው ለውጥ፣ ከ80 ዓመታት ገደማ በኋላ አጠቃላይ ዘዴ ባደረጉት በሁንስዲከር ባልና ሚስት ስም ሲጠራ ይኖራል፤ አንዳንድ መጻሕፍት ብቻ የቦሮዲንን ስም አስቀድመው ይጽፋሉ።

በ1862 መጸው ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በሚቀጥለው ዓመት ኢካቴሪናን አገባ፤ በ1864 ፕሮፌሰር ሆነ። ገና እንደ ተመለሰ በሐኪሙ በቦትኪን ቤት ከሚሊ ባላኪሬቭ ጋር ተገናኘ። በባላኪሬቭ ዙሪያ የተሰባሰቡት ወጣቶች የሩሲያን ሙዚቃ ከባዕድ አርአያነት ለማላቀቅ ያለሙ ነበሩ፤ ከመሪያቸው በቀር ግን ሁሉም እንጀራቸው ሌላ ነው። ሙሶርግስኪ መኮንን ቆይቶም የመንግሥት ጸሐፊ፣ ሪምስኪ ኮርሳኮቭ የባሕር ኃይል መኮንን፣ ቄሳር ኩዪ ደግሞ በምሽግ ሥራ የታወቀ ወታደራዊ መሐንዲስ ነበር። ኩዪ ስለ ምሽግ የጻፋቸው መጻሕፍት ከኦፔራዎቹ ይልቅ ብዙ ተነበዋል ቢባል ግነት አይሆንም። ባላኪሬቭ አዲሱን ጓደኛ ወዲያው ሲምፎኒ እንዲጽፍ አዘዘው። በ1862 የተጀመረው ይህ የመጀመሪያ ሲምፎኒ ለሕዝብ የቀረበው በ1869 ነበር። ሰባት ዓመት መውሰዱ ለደራሲው ኋላ ከመጣው ጋር ሲነጻጸር ፈጣን ነው።

የቦሮዲን መኖሪያ በአካዳሚው ሕንፃ ውስጥ፣ ከላቦራቶሪው ጋር በመተላለፊያ የተያያዘ ነበር። ይህ የቤትና የሥራ ቦታ ቅርበት ሰውየውን ጠቅሞታል፤ አድክሞታልም። ሪምስኪ ኮርሳኮቭ በማስታወሻው እንደተረከው፣ ስለ ሙዚቃ ሲጨዋወቱ ቦሮዲን ድንገት ብድግ ይልና የሚፈላው ነገር አለመቃጠሉን ለማየት ይሮጣል፤ በመተላለፊያው ሲሄድም እንግዳ የሆኑ ዜማዎችን እያሰማ ነበር። ቤቱ በሚስቱ ዘመዶች፣ በታመሙና በችግር በወደቁ እንግዶች የተሞላ ስለነበር በሶፋው ላይ የተኛ ሰው እንዳይነቃ ባለቤቱ ፒያኖውን መንካት ይተው ነበር። ድመቶች በምግብ ጠረጴዛው ላይ እንደ ልባቸው ይመላለሳሉ፤ ከእነርሱም አንዷ ዓሣ አጥማጅ በመሆኗ ስም አውጥታለች። የእራት ሰዓት የሚባል ነገር አልነበረም። ሚስቱ በአስም ምክንያት ሌሊት የማይተኛት ስለነበረች እርሱም አብሯት ያነጋል፤ በማግሥቱም ማስተማሩ አይቀርም።

ብዙ ጸሐፊዎች ኬሚስትሪ ሙዚቃውን እንደ ቀማበት፣ ኬሚስቶች ደግሞ ሙዚቃ ሳይንሱን እንደ ቀማበት ይጽፋሉ። ሕይወቱን በቅርብ የሚመረምር ሰው ግን ሌላ ቀማኛ ያገኛል። የቦሮዲንን ዓመታት የበሉት ኮሚቴዎች፣ ስብሰባዎች፣ ማመልከቻዎችና የገንዘብ መዋጮዎች ናቸው። ለማንም እምቢ ማለት የማይችል ሰው ነበር። በአካዳሚው የሴቶች የሕክምና ትምህርት በ1872 ሲከፈት ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኖ ኬሚስትሪውን አስተማረ፤ ለተማሪዎቹ መርጃ የተቋቋመውን ማኅበር ገንዘብ ያዥነትም ተሸከመ። ከእነዚህ ተማሪዎች መካከል በ1877 እና 78 በተደረገው የሩሲያና የቱርክ ጦርነት ቁስለኞችን ያከሙ ነበሩ። በ1882 መንግሥት አዲስ ተማሪ መቀበል እንዲቆም ካዘዘ በኋላ ትምህርቱ እየከሰመ ሄደ፤ ቦሮዲንም የገነባው ላቦራቶሪ ሲፈርስ ማየቱ ከባድ ኀዘን ሆነበት።

በሳይንሱም ይኸው ቸርነት ዋጋ አስከፈለው። የአልዴሃይድ ሞለኪውሎች እርስ በርስ ተጋጥመው አዲስ ውሕድ የሚፈጥሩበትን፣ ዛሬ አልዶል የሚባለውን ለውጥ በ1872 ለሩሲያ የኬሚስትሪ ማኅበር አስረዳ። በዚያው ዓመት በፓሪስ አዶልፍ ዉርትስ ያንኑ ግኝት አሳተመ። ዉርትስ ሰፊ ላቦራቶሪና ብዙ ረዳት ነበረው፤ ቦሮዲን የሚሠራው ግን በጥቂት ገንዘብ ነበር። ሳይከራከር መስኩን ለቆ በሽንት ውስጥ የሚገኘውን ናይትሮጅን ለመለካት ወደሚያስችል ቀላል መሣሪያ ዞረ። ዘዴው በ1876 ወጥቶ ለሐኪሞች አገልግሏል። ክብር የሚያስገኘውን ጥሎ የሚጠቅመውን ማንሣቱ የእርሱ ጠባይ ነው።

ሁለተኛው ሲምፎኒ በ1869 ተጀምሮ በ1876 አለቀ። ሊቀርብ ሲል ደግሞ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ክፍል የኦርኬስትራ ኖታ ጠፋ። ቦሮዲን በወቅቱ ታሞ ተኝቶ ስለነበር በአልጋው ላይ ሆኖ በእርሳስ እንደገና ጻፈው። ለሙዚቃ ጊዜ የሚያገኘው ሲታመም ብቻ መሆኑን ወዳጆቹ ስለሚያውቁ ጤና ይስጥልን በማለት ፈንታ ሕመም ይመኙለት ነበር። ሲምፎኒው በ1877 መጀመሪያ ላይ ቀርቦ አልተሳካም። ምክንያቱ ቴክኒካዊ ነው፦ ቦሮዲን በዚያ ወቅት የነሐስ መሣሪያዎችን በጣም ወድዶ ስለነበር ቶሎ መላወስ ለማይችሉት ጡሩምባዎችና ቀንዶች ከባድና ፈጣን ዜማ ሰጣቸው፤ መሪውም ተጫዋቾቹ እንዲደርሱበት ፍጥነቱን ለመቀነስ ተገደደ። ቦሮዲን ስሕተቱን እንደ ማንኛውም የላቦራቶሪ ውጤት ተቀብሎ የነሐሱን ሸክም አቃለለ፤ የታረመው ሲምፎኒ በ1879 በሪምስኪ ኮርሳኮቭ መሪነት ሲቀርብ ሰመረለት። በ1877 ተማሪዎቹን ይዞ ወደ ጀርመን ሲሄድ በቫይማር የጎበኘው ፍራንዝ ሊስትም ሙዚቃውን በምዕራብ አውሮፓ ለማስተዋወቅ ብዙ ረድቶታል።

«ልዑል ኢጎር» ግን አላለቀም። ታሪኩን፣ ማለትም በ1185 በፖሎቭትሲያውያን ላይ ዘምቶ የተማረከውን ልዑል ገድል፣ ሐያሲው ስታሶቭ በ1869 አቀረበለት። ቦሮዲን ቃሉንም ዜማውንም ራሱ ሊጽፍ ተነሣ። የድርሰቱን ጽሑፍ አስቀድሞ ሳይጨርስ አንድ አሪያ እዚህ፣ አንድ መዘምራን እዚያ እያለ ያለ ንድፍ ገነባ፤ መሐንዲስ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ሕንፃ ማንም አይፈቅድለትም ነበር። በ1879 የጭፈራው ክፍል ለኮንሰርት መርሐ ግብር ከተያዘ በኋላ ኖታው አለመዘጋጀቱ ታወቀ። ሪምስኪ ኮርሳኮቭና ሊያዶቭ ሌሊቱን ከቦሮዲን ጋር ተቀምጠው ጻፉ። እርሳሱ እንዳይጠፋ ኬሚስቱ ገጾቹን በቀለጠ ጀላቲን እየቀባ እንደ ታጠበ ልብስ በገመድ ላይ ይሰቅላቸው ነበር። ዓለም የሚያውቀው ያ ጭፈራ ከላቦራቶሪው ገመድ ላይ ወርዶ ወደ መድረክ ወጣ።

ይህ ሁሉ እየሆነ ቦሮዲን የአካዳሚውን ተማሪዎች ኦርኬስትራና መዘምራን መምራቱን አልተወም። ከመድኃኒትና ከሬሳ ምርመራ ክፍል የሚወጡ ወጣቶችን አሰባስቦ ያለማምዳል፤ ችግረኛ ተማሪዎች የሚረዱበትን ገንዘብ ለመሰብሰብም ኮንሰርት ያዘጋጃል። አሪያ የሚጠብቁት ወዳጆቹ በዚህ ይበሳጩ ነበር። ብስጭታቸው እውነት አለው፤ ለእነዚያ ምሽቶች ያወጣው ሰዓት ከ«ልዑል ኢጎር» የተወሰደ ነውና። ቦሮዲን ግን ተማሪው ያለ ምግብ እንዳያድር ማድረግና ሲምፎኒ መጻፍ የተለያየ ማዕርግ ያላቸው ሥራዎች ናቸው ብሎ አያስብም ነበር።

በፌብሩዋሪ 1887 አካዳሚው የጌጠኛ ልብስ ግብዣ አደረገ። ቦሮዲን የሩሲያ ባላገር ልብስ ለብሶ ከእንግዶች ጋር ሲጫወት ድንገት ወደቀና ሞተ፤ ልቡ ተሰንጥቆ ነበር። ዕድሜው 53 ሲሆን ሚስቱ በዚያ ጊዜ ሞስኮ ነበረች፤ እርሷም በዚያው ዓመት ተከተለችው። በአሌክሳንደር ኔቭስኪ ገዳም መካነ መቃብር ከሙሶርግስኪ አጠገብ ተቀበረ።

ሪምስኪ ኮርሳኮቭና ወጣቱ ግላዙኖቭ በጠረጴዛው ላይ የተገኙትን ወረቀቶች ሰብስበው ኦፔራውን ጨረሱት። የመግቢያውን ሙዚቃ ግላዙኖቭ ያቀናው ቦሮዲን በፒያኖ ሲጫወተው ሰምቶ ከያዘው ትዝታ ነው። «ልዑል ኢጎር» በኖቬምበር 1890 በማሪንስኪ ቲያትር ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ከሦስተኛው ሲምፎኒም ሁለት ክፍሎች በዚሁ ዓይነት ተረፉ። ሌሎቹ ክፍሎች በወረቀት ላይ አልነበሩም። ረዳቱ አሌክሳንደር ዲያኒን፣ ኋላ ዛሬ ኤፖክሲ የሚሠራበትን ቢስፌኖል ኤ በ1891 ያገኘው ኬሚስት፣ ቦሮዲን ከመሞቱ ጥቂት ቀናት በፊት የሲምፎኒውን መደምደሚያ በፒያኖ ሲጫወት ከግድግዳው ማዶ ሰምቶ ነበር። ዲያኒን ኖታ የሚጽፍ ሰው ስላልነበረ ያ ዜማ እዚያው ቀረ።