ሳዳኮ ሳሳኪ

እኛ ተማሪዎች የአቶም ቦምብ ነገር ሲነሣ በዚያች ቀን ያለቁትን ብቻ እንቈጥራለን። ሳዳኮ ከነዚያ ውስጥ አልነበረችም።

በሂሮሺማ በ1935 ዓ.ም. ታኅሣሥ 29 ቀን፥ በእኛ የገና ዕለት ተወለደች። ቦምቡ ሐምሌ 30 ቀን 1937 ሲወድቅ ቤታቸው ከፈነዳበት ስፍራ 1.7 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ነበር፤ ከምሥራቅ ክፍለ ከተማችን ተነሥተን በግማሽ ሰዓት በእግር የምንጨርሰው መንገድ ማለት ነው። ሕፃኗ አልተቃጠለችም። እናቷ ይዛት ስትሸሽ ግን ጨረር ያዘለ ጥቁር ዝናም ወረደባቸው።

ከዚያ እንደ ማንኛውም ልጅ አደገች፤ በትምህርት ቤቷም ፈጣን ሯጭ ነበረች። በ1947 መጀመሪያ አንገቷ አበጠ፤ በየካቲት ሆስፒታል ስትገባ በሽታዋ የደም ካንሰር ሆነ። ሺህ የወረቀት ወፍ ያጠፈ ምኞቱ ይሞላለታል የሚለውን የአገሯን ወግ ይዛ የመድኃኒት መጠቅለያ ሳይቀር ታጥፍ ነበር። ሺህ ሳይሞላላት ሞተች የሚለው ወሬ ከእኛም ዘንድ ደርሷል፤ የቤተ ሰቧ ምስክርነት ግን ከሺህ በላይ እንዳጠፈች ነው። ጥቅምት 14 ቀን 1948 በ12 ዓመቷ ዐረፈች። ጓደኞቿ ገንዘብ አሰባስበው ያሠሩት ሐውልት ሚያዝያ 27 ቀን 1950 ተመረቀ።

ካንሰሩ ከቦምቡ መምጣቱን በአንዲት ልጅ ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ከ1943 ጀምሮ ከሂሮሺማና ከናጋሳኪ ወደ 120,000 ሰዎች መዝግበው ተከታተሉ። የደም ካንሰር፥ ይልቁንም በሕፃናት ላይ፥ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዝቶ ኋላ ቀነሰ። የጡት፥ የሳንባና የጨጓራ ካንሰር ግን ዘግይቶ ጀምሮ ዕድሜ ልካቸውን ተከተላቸው። ከተመዘገቡት በሕይወት ያሉት ዛሬም ክትትል ይደረግባቸዋል።