ተሸንፈው መንገድ የጠረጉት ባሪ ጎልድዋተር

ባሪ ጎልድዋተር በ1909 እ.ኤ.አ. በአሪዞና፣ ፊኒክስ ከተማ ተወለዱ። አያታቸው ከፖላንድ የመጡ አይሁዳዊ ነጋዴ ነበሩ፤ እሳቸው ግን በእናታቸው ሃይማኖት በክርስትና አደጉ።

በ1952 ሴናተር ሆነው ተመረጡ። መንግሥት በሰው ሥራ እጁን አያብዛ የሚሉ ወግ አጥባቂ ነበሩ። በ1957ና በ1960 የወጡትን የጥቁሮች መብት ሕጎች ደግፈዋል። የ1964ቱን ትልቁን ሕግ ግን የግል ንግድን ይነካል ብለው ተቃወሙ። ጥቁር መራጮችም ፊታቸውን አዞሩባቸው።

በዚያው ዓመት ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው በሊንደን ጆንሰን ክፉኛ ተሸነፉ። ከ50 ግዛቶች ያገኙት 6 ብቻ ነበር፦ አሪዞናንና 5 የደቡብ ግዛቶችን። ደጋፊዎቻቸው ግን አልተበተኑም፤ በ1980 ሮናልድ ሬገንን ለወንበሩ አበቁ።

ጎልድዋተር በ1998 በ89 ዓመታቸው አረፉ። ያቺ የ1964 ድምፃቸው ግን እስከ ዛሬ ከስማቸው ጋር ትነሣለች።